የገዛ ራሱ ደቀ መዝሙር

ለጃዝ ጊታር ተጫዋች የመጀመሪያው መምህር ብዙ ጊዜ ሸክላ ነው። የኢንዲያናፖሊሱ ዌስ ሞንትጎመሪ ኖታ ማንበብ አይችልም ነበር። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ትዳር ይዞ ቀን ቀን እየሠራ የሚተዳደር ወጣት ሳለ፣ የጊታር ተጫዋቹን የቻርሊ ክርስቲያንን ሸክላዎች አገኘና ሶሎዎቹን አንድ በአንድ በጆሮው እየለቀመ አጠናቸው። የከተማው ክለብ የቀጠረውም እነዚያኑ ሶሎዎች እንዲጫወትለት ነበር። እነሱን ተጫውቶ ሲጨርስ ከመድረክ ይወርዳል፤ ሌላ የሚያውቀው አልነበረውማ! ያው ሰው ከዓመታት በኋላ የጃዝ ጊታርን መልክ ቀየረው።

መርፌውን አንስቶ መመለስ፣ አንዲቷን ሐረግ ደጋግሞ መስማት፣ ክሩ ላይ መፈለግ፣ ስትገኝ ወደ ቀጣይዋ ማለፍ፦ የሙያው ትምህርት ቤት ይኸው ነው። የዚህ ምዕራፍ ባለታሪክ ፓት ማርቲኖም በዚሁ መንገድ አልፏል። ልዩ የሚያደርገው፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ላይ ማጫወቻው ውስጥ የሚሽከረከረው ሸክላ የራሱ መሆኑ ነው። (በምዕራፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓት አዛራ የተወለደው ኦገስት 25 ቀን 1944 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ፣ ጣሊያናውያን በብዛት በሚኖሩበት በደቡቡ ሰፈር ነው። አባቱ ካርመን አዛራ በሰፈሩ ክለቦች የሚዘፍን ሰው ነበር፤ ማርቲኖ የሚለውን የመድረክ ስም ልጁ የወረሰው ከእሱ ነው። አባትየው በወጣትነቱ ለአጭር ጊዜ ከኤዲ ላንግ ጊታር ተምሯል። ላንግም የፊላደልፊያ ልጅ ነው፤ ጊታርን ከአጃቢነት አውጥተው በጃዝ ውስጥ ራሱን ችሎ እንዲናገር ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ ሲሆን በ1933 ገና በወጣትነቱ ሞቷል። ፓት ጊታር የጀመረው በ12 ዓመቱ ነው። አባቱ ልጁን ይዞ ክለብ ለክለብ ይዞር ነበርና ዌስ ሞንትጎመሪን ገና በልጅነቱ አይቶታል። ለዌስ ያደረበት አድናቆት እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም።

በዚያ ዘመን ፊላደልፊያ ሙዚቀኛ ታፈላ ነበር። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን ያደገባት ባትሆንም የተማረባት ከተማ ናት፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ማኮይ ታይነርና ጥሩምባ ተጫዋቹ ሊ ሞርጋን እዚያው ተወልደዋል፤ ኦርጋንን የጃዝ መሣሪያ ያደረገው ጂሚ ስሚዝም ከከተማዋ ዳርቻ ከኖሪስታውን ነው። በዚህ ሁሉ መሃል ዴኒስ ሳንዶሌ የሚባል ጊታር ተጫዋች ነበር። መድረክ ላይ ብዙም ስሙ አልተነሳም። የማስተማሪያ ክፍሉ ግን የታወቀ ነበር፤ ኮልትሬን ከእሱ ዘንድ ለዓመታት ሐርመኒ ተምሯል። ማርቲኖም ለትምህርት ወደ ሳንዶሌ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን እዚያው ከኮልትሬን ጋር ተገናኙና ታላቁ ሳክስፎን ተጫዋች ልጁን ወስዶ ትኩስ ቸኮላታ ጋበዘው። ማርቲኖ ይህን ታሪክ ዕድሜ ልኩን ሲያወራው ኖሯል።

ትምህርቱን አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጦ መንገድ ገባ። በመጀመሪያ ከዘፋኙ ሎይድ ፕራይስ ባንድ ጋር ዞረ። ከዚያም ኒው ዮርክ ሃርለም ከትሞ በኦርጋን ባንዶች ዘንድ ተፈላጊ ሆነ። የሳክስፎን ተጫዋቹ የዊሊስ ጃክሰን የ1960ዎቹ መጀመሪያ ሸክላዎች ላይ ገና ፓት አዛራ በሚለው ስሙ ተጽፎ ይገኛል። ቀጥሎ ከጃክ ማክዳፍ፣ ከዶን ፓተርሰንና ከሪቻርድ ግሩቭ ሆልምስ ጋር ሠርቷል። ሦስቱም ኦርጋኒስቶች ናቸው። የኦርጋን ባንድ ለጊታር ተጫዋች ጥብቅ ትምህርት ቤት ነው። ኦርጋኒስቱ በግራ እጁና በእግሩ የቤዙን ሥራ ስለሚሸፍን ብዙ ጊዜ ቤዝ ተጫዋች የለም፤ አድማጩ እየጠጣ፣ እየጮኸ፣ እየጨፈረ ነው። ጊታሪስቱ ተራው ሲደርስ ካልያዘው ወዲያው ይታወቃል። ጊታር ተጫዋቹ ጆርጅ ቤንሰን ኒው ዮርክ እንደገባ ሃርለም ውስጥ ይህን ነጭ ጎረምሳ ሰምቶ ክፉኛ እንደደነገጠ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል።

በሜይ 1967፣ በ22 ዓመቱ፣ «ኤል ሆምብሬ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን ለፕሬስቲጅ ኩባንያ ቀረጸ። ዓመት ሳይሞላው ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ተከተለ። ዌስ ሞንትጎመሪ በ1968 በ45 ዓመቱ በድንገት ሲሞት ብዙዎች ወንበሩን ለመውረስ ይገባዋል ያሉት ማርቲኖን ነበር። እሱም በ1972 ለዌስ መታሰቢያ የሚሆን አልበም ሠራ።

አጨዋወቱ ምን ይመስል ነበር? በጣም ወፍራም ክር ያስራል፤ ሌላው ሰው ጣቱ የሚቆስልበትን ዓይነት። ድምፁ ስለዚህ ጥቁርና ክብ ነው። መስመሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ እኩል እኩል የሚወርዱ ኖታዎች ለትንፋሽ እንኳ ሳይቆሙ ገጹን ሙሉ ይሄዳሉ። በ1972 በተቀረጸው «ላይቭ!» በተሰኘው አልበም ላይ «ሰኒ» የተባለውን የታወቀ ዘፈን ይጫወታል። በሶሎው መሃል አንዲት ትንሽ ሐረግ ይይዝና መደጋገም ይጀምራል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ። ከሥር ኮርዶቹ እየተቀያየሩ ያልፋሉ፤ ሐረጓ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም፤ ምቱ ላይ የምታርፍበት ቦታ እየተንሸራተተ ሰሚውን ያደናግረዋል። በመጨረሻ ሲለቃት የሚመጣው እፎይታ ሌላ ሰው ሃምሳ አዲስ ሐሳብ ደርድሮ የማያመጣው ነው። በ1974ቱ «ኮንሸስነስ» ላይ ደግሞ የኮልትሬንን «ኢምፕሬሽንስ» ሲጫወት ፍጥነቱ ያስፈራል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ጭንቅላቱ ውስጥ ሌላ ነገር ይጉረመረም ነበር።

ማርቲኖ የተወለደው ከግራ ጆሮው በላይ ባለው የአንጎል ክፍል የደም ሥሮቹ ተጠላልፈው ነው። በጤነኛ ሰው ከልብ የሚመጣው ደም በግፊት ይነሳና በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ ረግቦ ይመለሳል። በእንዲህ ዓይነት ጥልፍልፍ ውስጥ ግን ቀጫጭኖቹ ሥሮች ስለሌሉ ደሙ በሙሉ ኃይሉ ሳይዘጋጁ በሚቀበሉት ሥሮች ላይ ይወርዳል። ሥሮቹ እየተለጠጡ በዙሪያቸው ያለውን አንጎል ይነካካሉ፤ ራስ ምታት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት ይከተላል። አንድ ቀን ሊፈነዱም ይችላሉ። ዛሬ በአንድ የምስል ምርመራ የሚታየው ችግር በ1970ዎቹ አጋማሽ ለሐኪሞቹ አልታያቸውም። የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ተባለ፤ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ተሰጠው፤ በኤሌክትሪክ ንዝረት ታከመ። በ1976 ፈረንሳይ ውስጥ መድረክ ላይ ሳለ ሕመሙ ተነሳበት። ከዚያ ወዲህ ከመድረክ ራቀና ሆሊውድ ሄዶ በ1977 በተከፈተው የጊታር ተቋም ማስተማር ጀመረ።

በ1980 ሕመሙ ሲጠና በተነሳው ምስል የደም ሥሮቹ ጥልፍልፍ ታየ። የቀረው ጊዜ አጭር እንደሆነ ተነገረውና ወላጆቹ ወዳሉበት ወደ ፊላደልፊያ በረረ። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ዶክተር ፍሬድሪክ ሲሚዮን ነው። ሕይወቱ ተረፈች። ከግራው የጎን አንጎል ክፍል ግን 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው እንደጠፋ በኋላ የተነሱት ምስሎች አሳይተዋል። ሲነቃ አልጋው አጠገብ የቆሙትን ሰዎች አላወቃቸውም፤ ወላጆቹ መሆናቸው ተነገረው። ጊታር ተጫዋች መሆኑንም እንዲሁ።

ቤት ከገባ በኋላ አባቱ የልጁን ሸክላዎች ምድር ቤት እየከፈተ ያጫውት ጀመር። ልጁ ከፎቅ ሆኖ ይሰማል። ማርቲኖ በኋላ እንዳወሳው ይህ ያጽናናው አልነበረም፤ ይረብሸው ነበር። አባትየው የሚያለቅስለት ያ የሸክላው ሰው እሱ አልነበረምና። ጊታሩን ያነሳው ቀስ ብሎ ነው፤ መጀመሪያ እንደ መጫወቻ፣ ከትካዜ ማምለጫ። እያለ እያለ ጣቶቹ ያልጠየቃቸውን ነገር መሥራት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ታሪኩ በጋዜጣ ሲነገር «ሁሉን ረስቶ ከዜሮ ተማረ» ተብሎ ነውና። ዜሮ የሚለው ቃል የተጋነነ ነው። የማስታወስ ችሎታ አንድ ዕቃ ቤት አይደለም። በ1953 አሜሪካዊው ሄንሪ ሞላይሰን ለሚጥል በሽታው ሲባል ከሁለቱም የአንጎሉ ጎኖች የውስጠኛው ክፍል ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር አንድ ቀላል ፈተና ሰጠችው፦ በመስታወት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕልን ዙሪያ በእርሳስ መከተል። ለማንም ሰው ሲጀምሩት አስቸጋሪ ነው። ሞላይሰን በሦስት ቀን ውስጥ ጎበዝ ሆነ፤ ነገር ግን በየቀኑ ሥራውን ከዚህ በፊት ሠርቼው አላውቅም ይል ነበር። እጁ ተምሯል፤ እሱ አላወቀም። እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ክላይቭ ዌሪንግ ደግሞ በ1985 በቫይረስ ሳቢያ አንጎሉ ተጎድቶ ከደቂቃ በፊት የሆነውን የማያስታውስ ሰው ሆነ። ፒያኖው ፊት ሲያስቀምጡት ግን ይጫወታል፤ መዘምራንም ይመራል።

ስም፣ ፊት፣ ያለፈ ቀን የሚቀመጡበት መንገድ አንድ ነው፤ እጅ የለመደው ሙያ የሚቀመጥበት ሌላ። የኋለኛው በአንጎል ውስጥ ጠለቅ ብለው ባሉ እንቅስቃሴን በሚያስተባብሩ ክፍሎች ላይ የተመሠረተ ሲሆን የማርቲኖ ቀዶ ሕክምና እነዚያን አልነካም። ከሃያ ዓመት በላይ በየሌሊቱ የተገራ እጅ በአንድ ቀን ባዶ አይሆንም። የጎደለው የእጁ ባለቤት ነበር፦ ምን እንደሚጫወት፣ ለምን እንደሚጫወት የሚያውቀው ሰው። ሸክላው ያስፈለገው ለዚህ ይመስለኛል። ዌስ ከቻርሊ ክርስቲያን እንደለቀመው ማርቲኖም ከማርቲኖ ለቀመ። በሙያው ወግ ይህ እንግዳ ነገር የለውም፤ መምህርና ተማሪ አንድ ሰው መሆናቸው ብቻ ነው አዲሱ።

ሌላም የረዳው ነገር አለ፤ በእኔ ግምት ከሁሉ ያነሰ ትኩረት የተሰጠውም ይኸኛው ነው። ማርቲኖ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጊታርን በቅርጽ የሚያስብ ሰው ነበር። የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ የሚሰጠው ለፒያኖ በተሰፋ ልብስ ነው ይል ነበር። ፒያኖ ላይ ነጩና ጥቁሩ ተለይቶ ስለተቀመጠ ትምህርቱ ከዶ ሜጀር ይጀምራል። ጊታር ላይ ነጭና ጥቁር የለም። የጊታሩን አንገት ላየው ሰው ጎልተው የሚታዩት በእኩል ርቀት የሚደጋገሙ ቅርጾች ናቸው።

ጊታር ያለው አንባቢ ይሞክረው። ሲ፣ ሬ፣ ፋ፣ ላ ፍላት የተባሉትን አራት ድምፆች ባንድ ላይ ይያዝ። ዲሚኒሽድ የሚባለው ኮርድ ነው፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ሁሉ እኩል ስለሆነ ያንኑ የጣት ቅርጽ ሦስት ፍሬት ወደ ላይ ቢገፉት እነዚያው አራት ድምፆች ቦታ ተቀያይረው ይመጣሉ። አሁን ከአራቱ አንዱን ብቻ በአንድ ፍሬት ዝቅ ያድርግ። ላ ፍላትን ዝቅ ቢያደርግ ሶል ሰቨን ያገኛል። ፋን ቢያወርድ ሚ ሰቨን ይሆናል፤ ሬን ቢያወርድ ሬ ፍላት ሰቨን፤ ሲን ቢያወርድ ሲ ፍላት ሰቨን። ከአንድ ቅርጽ አራት ኮርድ ወጣ። ዲሚኒሽድ ኮርዶች በጠቅላላው ሦስት ብቻ ስለሆኑ ሦስት ጊዜ አራት፣ በሙዚቃ ውስጥ ያሉት 12ቱ የሰቨን ኮርዶች በሙሉ ተገኙ። ኦግመንትድ በሚባለው በሦስት ድምፅ ኮርድም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ዝቅ ሲያደርጉ ሜጀር፣ አንዱን ከፍ ሲያደርጉ ማይነር ይወጣል። ዶ፣ ሚ፣ ሶል ሻርፕ ይዞ ሶል ሻርፕን ማውረድ ዶ ሜጀርን ይሰጣል፤ ሶል ሻርፕን ማውጣት ላ ማይነርን። ተማሪው 12 ኮርድ በቃሉ ሸምድዶ በማግስቱ ከሚረሳ፣ ሦስት ቅርጽ ይዞ ቀሪውን በጣቱ ይደርስበታል።

ሶሎ ላይ ደግሞ ሁሉን ነገር ወደ ማይነር መመለስ ልማዱ ነበር። ባንዱ ሶል ሰቨን ሲይዝ እሱ ሬ ማይነርን ያስባል፤ ዶ ሜጀር ሲመጣ ላ ማይነርን፤ ሶል ሰቨኑ ቅመም ሲበዛበት ላ ፍላት ማይነርን። ኮርዱ መቶ ስም ቢኖረውም ጣቱ የሚያውቀው አንድ ዓይነት መስመር ነው፤ የሚቀየረው የሚቆምበት ቦታ ብቻ። ይህን አሠራር «ሊኒየር ኤክስፕሬሽንስ» በተባለው መጽሐፉ አቅርቦታል፤ እስከ ዛሬም የጊታር ተማሪዎች የሚጨቃጨቁበት ነው። ሰነፍ ተማሪ ዜማውን ትቶ ቅርጽ ሲያሳድድ ሊውል ይችላል የሚሉ አሉ፤ ስሞታው እውነት አለው። ለማርቲኖ ግን ስሞች ሲጠፉ ቅርጾች ቀሩለት። የቃላትና የስም መዝገብ በሚያመዝንበት በግራው ጎን ጉዳት ለደረሰበት ሰው፣ በዓይንና በጣት የሚያዝ ሥርዓት ቀድሞ አበጅቶ መቆየት ትንሽ ዕድል አይደለም።

ሰባት ዓመት ፈጀ። በፌብሩዋሪ 1987 ኒው ዮርክ በሚገኘው ፋት ቲዩዝደይስ ክለብ ከቤዝ ተጫዋቹ ስቲቭ ላስፒናና ከድራም ተጫዋቹ ጆይ ባሮን ጋር መድረክ ላይ ወጣ። ቅጂው «ዘ ሪተርን» ተብሎ ታተመ። አልበሙ ሻካራ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ማርቲኖ መንገዱን እያየ የሚሄድ ይመስላል። ከዚያ ወላጆቹ ታመው ተከታትለው ሞቱና እንደገና ዝም አለ። በትክክል የተመለሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ብሉ ኖት ኩባንያ አስፈረመው፤ የ2001ዱ «ላይቭ አት ዮሺስ» እና የ2003ቱ «ቲንክ ታንክ» ለግራሚ ታጩ፤ ዳውንቢት መጽሔት በ2004 የዓመቱ ጊታሪስት አለው። በ2006 ደግሞ ዌስ ይጫወታቸው የነበሩ ሥራዎችን የያዘ አልበም ለመታሰቢያው አወጣ። ለአንድ ሰው ሁለት መታሰቢያ፣ አንዱ ከመርሳቱ በፊት፣ አንዱ ከመርሳቱ በኋላ።

በእነዚህ ዓመታት በፊላደልፊያ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዚ አርትስ አስተምሯል፤ በደቡብ ፊላደልፊያ ባለው ቤቱም ከተለያየ አገር ለሚመጡ ጊታሪስቶች ትምህርት ይሰጥ ነበር። ሳይንሱም አልተወውም፦ በ2008 ዘጋቢ ፊልም ተሠራበት፤ ፊልሙ ላይ የአንጎልና የሥነ ልቦና ባለሙያው ፖል ብሮክስ ጥያቄዎቹን ይዞ አብሮት ይታያል። በ2014 ደግሞ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች የአንጎሉን ምስል መሠረት አድርገው ጽሑፍ አሳተሙ። ቀስ እያለ የሚያድግ ችግር ለአንጎል ጊዜ ይሰጠዋል፤ የተወለደበት ጥልፍልፍ ከልጅነቱ ጀምሮ አንዳንዱን ሥራ ወደ ሌላ ክፍል አዛውሮት ሊሆን ይችላል የሚለው ግምት ብዙ ደጋፊ አለው።

በ2018 መጨረሻ ጣሊያን ውስጥ ዝግጅት ካቀረበ በኋላ የመተንፈሻ አካል ሕመም ከመድረክ አወረደው። ኖቬምበር 1 ቀን 2021 በ77 ዓመቱ አረፈ።

የቱ ማርቲኖ ይበልጣል የሚለው ክርክር አላበቃም። የመጀመሪያውን የሚመርጡ እሳቱን ያነሳሉ፤ «ኮንሸስነስ»ን ለሰማ ሰው መከራከር ይከብዳል። እኔ ግን ለጀማሪ አድማጭ የምመክረው በሁለት አልበሞች ላይ ያለውን «ኤል ሆምብሬ» የተሰኘውን ዜማ ሁለት ጊዜ እንዲሰማ ነው። በ1967ቱ አልበም ላይ ትሩዲ ፒትስ ኦርጋን ላይ ናት፤ ወጣቱ የሚያውቀውን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ለማሳየት ይጣደፋል። በዲሴምበር 2000 ኦክላንድ በሚገኘው ዮሺስ ክለብ በተቀረጸው ላይ ጆይ ዲፍራንቼስኮ ኦርጋን፣ ቢሊ ሃርት ድራም ይዘዋል፤ ጊታሩ ኦርጋኑን ይጠብቀዋል፣ ይተወዋል፣ ሲሻው ይገፋዋል። ጆሮ ያለው ሰው በሁለቱ መካከል የሚመሳሰሉ ሐረጎች ይለቅማል፤ ከሸክላው የመጡት የትኞቹ፣ ከጣቱ የመጡት የትኞቹ እንደሆኑ ግን እኔ ደጋግሜ ሰምቼም መለየት አልቻልኩም።